የሲንጋፖር ሥርዓተ ትምህርት በነጋዴ ሚዛን ሲመዘን

አንድ ዕቃ በገበያ ላይ ስሙ ሲገን ፈላጊው እንደሚበዛና ዋጋውም እንደሚወጣ በንግድ ሥራ ላይ ለሚገኙ አንባቢዎቻችን ሁሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አስተዋይ አስመጪ በዝናው ብቻ ትእዛዝ አይሰጥም፤ አስቀድሞ ናሙናውን ይመረምራል፣ ዕቃው በምን ዓይነት አየርና በማን እጅ እንደሚሠራ ይጠይቃል፣ መለዋወጫውን ከየት እንደሚያገኝም ያረጋግጣል። ዛሬ በዓለም ላይ እንደ ሸቀጥ ከአገር ወደ አገር ከሚዘዋወሩት ነገሮች አንዱ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ከሁሉም ይልቅ ስሙ የሚነሣው የሲንጋፖር ሥርዓት፣ በተለይም የሒሳብ ትምህርቱ ነው። መጻሕፍቱን ለሚያስመጣውና ለሚሸጠው፣ ለልጁ ትምህርት ቤት ለሚመርጠው፣ ሒሳብ አዋቂ ሠራተኛ ለሚፈልገው ነጋዴ ሁሉ ጉዳዩ ስለሚመለከተው፣ ይህን ሥርዓት እንዴት መመዘን እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዝናው ከምን መጣ?

ሲንጋፖር ከመሬቷ የምታወጣው ሀብት የሌላት፣ በወደብና በንግድ የምትኖር ትንሽ ደሴት ናት። ራሷን የቻለች አገር የሆነችው በ1965 ዓ.ም. ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና የልማት ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 15 ዓመት የሆነ ተማሪዎችን በብዙ አገሮች በፈተነ ጊዜ፣ ሲንጋፖር በሒሳብ 575፣ በሳይንስ 561፣ በንባብ 543 ነጥብ አግኝታ በሦስቱም አንደኛ ሆናለች። የድርጅቱ አባል አገሮች አማካይ የሒሳብ ውጤት 472 ነበረ። ከዚያ አስቀድሞም በ1995 ዓ.ም. በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ፈተና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿ በሒሳብ ከሁሉ በልጠው ተገኝተዋል።

ሆኖም ይህ ውጤት ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎ ኬንግ ስዊ ያቀረቡት ሪፖርት፣ ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ እንደሚያቋርጡና በሁለት ቋንቋ መማርም ለብዙዎቹ እንደ ከበዳቸው በግልጽ አስታወቀ። እኒህ ሰው ቀደም ሲል የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩ የኢኮኖሚ ሊቅ ስለሆኑ፣ ትምህርትን የተመለከቱት ወጪና ገቢው እንደሚቆጠር ሥራ አድርገው ነው። በ1980 ዓ.ም. ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያዘጋጅ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዛሬ በዓለም የታወቁት የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍት የመጀመሪያ እትም ወጣ። ስለዚህ ይህ ሥርዓት ኪሳራን ቆጥሮ በማመን የተጀመረ የብዙ ዘመን ሥራ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

በውስጡ ያለው ምንድን ነው?

የሒሳብ ትምህርቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ልጁ በመጀመሪያ በእጁ የሚዳሰስ ነገር ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ያንኑ በሥዕል ያየዋል፤ በመጨረሻም በቁጥርና በምልክት ይጽፈዋል። በየክፍሉ የሚሰጡት አርእስት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በሚገባ እስኪታወቅ ድረስ ይሠራበታል። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የትምህርቱ ማእከል ችግርን አስቦ መፍታት እንዲሆን ተወስኗል።

ከዘዴዎቹ ሁሉ የታወቀው ጥያቄውን በአግድም በተዘረጋ ሣጥን መሳል ነው። ለምሳሌ ሁለት ነጋዴዎች በአንድነት 120 ኩንታል ቡና አላቸው እንበል፤ የአንደኛው ድርሻ ከሁለተኛው በ30 ኩንታል ይበልጣል። የእያንዳንዳቸው ስንት ነው? ልጁ ሁለት ሣጥኖች አንዱን ከሌላው በላይ አድርጎ ይሥላል፤ የአንደኛው ትርፍ ርዝመት 30 ነው። ይህን ትርፍ ከ120 ላይ ቢያነሣ 90 ይቀራል፤ የቀሩትም ሁለት ሣጥኖች እኩል ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 45 ይሆናሉ። እንግዲህ የሁለተኛው 45፣ የአንደኛው 75 ኩንታል ነው። የፊደል ሒሳብ ገና ያልተማረ ልጅ በዚህ መንገድ ነገሩን በዓይኑ አይቶ ይደርስበታል። ዘዴው መልካም መሆኑ አያጠራጥርም፤ ማንም አስተማሪ ያለ ፈቃድና ያለ ቀረጥ ሊጠቀምበት ይችላል።

በመጽሐፉ ውስጥ የማይገኘው

የሚያስመጣው ሰው በሣጥን ታሽጎ የሚደርሰው መጽሐፉ ብቻ መሆኑን ማወቅ አለበት። ለውጤቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን በመርከብ የማይጫን ነው።

አንደኛው አስተማሪው ነው። በሲንጋፖር የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን የሚሠለጥኑት በአንድ ብሔራዊ የትምህርት ኢንስቲትዩት ነው፤ በሥልጠና ላይ ሳሉም ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ሥራ ከያዙ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ እስከ 100 ሰዓት ለተጨማሪ ሥልጠና ይፈቀድላቸዋል። የመጽሐፉ ገጽ አጭርና ጽሑፉ ጥቂት የሆነው የቀረውን የሚሞላ መምህር በክፍሉ ውስጥ መኖሩ ስለሚታመን ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የሲንጋፖር ትምህርት ቤቶች ሁሉ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ የአፍ መፍቻው ቋንቋ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። መጻሕፍቱ የተዘጋጁት ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ነው። በአገራችን ግን በብዙ ስፍራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሆነ፣ ያንኑ መጽሐፍ የሚቀበል ልጅ በአንድ ጊዜ ሒሳቡንም ቋንቋውንም መታገል ይገደዳል። የመጽሐፍ አስመጪው ይህን ለደንበኛው ቢያስታውቅ ሽያጩ ቢቀንስበትም እምነቱን ያተርፋል።

ሌሎች አገሮች ሲሞክሩት

ዕቃው በሌላ ምድር እንዴት እንደ ሠራ የሚያሳዩ ሁለት ምርመራዎች አሉ። በአሜሪካ በ2005 ዓ.ም. የታተመው ጥናት መጻሕፍቱ የተሞከሩባቸውን አራት ስፍራዎች ተመልክቶ ነበር። መምህራኑ በሠለጠኑበትና ተማሪዎቹ ረግተው በተቀመጡበት ስፍራ ውጤቱ ተሻሻለ። በኒው ጀርሲ በምትገኘው በፓተርሰን ከተማ ግን ተማሪዎቹና መምህራኑ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጡ ስለነበር ውጤቱ ከሌሎቹ የከተማው ትምህርት ቤቶች የተለየ አልሆነም። መጽሐፉ ያው አንድ ነበረ፤ የተለየው በእጁ የያዘው ሰው ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከሲንጋፖር የተቀዳ የሒሳብ አሠራር በብዙ ትምህርት ቤቶች ከተሞከረ በኋላ ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ተገለጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተማሪዎቹ ከሌሎቹ የቀደሙት በአማካይ በአንድ ወር ትምህርት ያህል ነው። ይህ የሚናቅ ትርፍ አይደለም፤ ነገር ግን ዝናውን ሰምቶ ተአምር የጠበቀ ሰው ያዝንበታል። በትንሽ ወጪ የሚገኝ ትንሽ ትርፍ በየዓመቱ ቢደጋገም ካፒታል እንደሚሆን ግን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

የዋጋው ሒሳብ

ማናቸውም ግዢ ወጪ አለው። በሲንጋፖር ልጆች በ12 ዓመት ገደማ የሚወስዱት የአንደኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የሚቀጥሉበትን ትምህርት ቤት ይወስናል። ከ1979 ዓ.ም. ሪፖርት በኋላ ልጆችን ገና በትንሽነታቸው እንደ ችሎታቸው በተለያየ መስመር መክፈል ተጀምሮ ነበር። ይህ አሠራር ትምህርት የሚያቋርጡትን ቁጥር አሳንሷል፤ ነገር ግን በዝቅተኛው መስመር የገባው ልጅ ስሙን እንደ ምልክት ተሸክሞ እንዲኖር አድርጎታል። ወላጆችም ለግል አስጠኚዎች የሚከፍሉት ገንዘብ በ2023 ዓ.ም. 1.8 ቢሊዮን የሲንጋፖር ዶላር መድረሱን የአገሪቱ የቤተ ሰብ ወጪ ጥናት ገልጿል። እንግዲህ በፈተና የታየው ነጥብ የትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ የወላጅ ኪስና የልጁ የዕረፍት ሰዓትም ተጨምሮበታል።

ባለቤቶቹ ራሳቸው ይህን ስለተገነዘቡ ሥርዓቱን አሻሽለዋል። በአንደኛ ደረጃ የነበረው የመስመር ክፍያ በ2008 ዓ.ም. ቀረ፤ የመልቀቂያው ፈተና ነጥብ አሰጣጥ በ2021 ዓ.ም. ተለወጠ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለሚገቡት ተማሪዎች የቀድሞዎቹ የመስመር ስሞች ቀርተው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በየትምህርቱ እንደ ችሎታው እንዲማር ተደረገ። ስለዚህ የጥንቱን ሥርዓት እንዳለ የሚቀዳ ሰው ሻጩ ራሱ ከመደርደሪያው ያወረደውን ዕቃ እንደሚገዛ ይቆጠራል።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት፣ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ወላጅ፣ መጽሐፍ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ በትምህርት ሥራ ገንዘቡን የሚያውል ባለ ሀብትም የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

1ኛ፣ መጽሐፉን የሚያስተምሩት መምህራን ለዚሁ ሥራ ስንት ሰዓት ሠልጥነዋል? ለሥልጠናቸውስ በጀት ተመድቧል?

2ኛ፣ ልጆቹ በምን ቋንቋ ያስባሉ? መጽሐፉስ በምን ቋንቋ ተጽፏል?

3ኛ፣ የሚቀርበው እትም የትኛው ዘመን ነው? ባለቤቱ አገር ዛሬም ይሠራበታልን?

4ኛ፣ በጥቂት ክፍሎች አስቀድሞ ተሞክሯልን? ውጤቱስ መጽሐፉን ካልተማሩት ልጆች ጋር ተነጻጽሯልን?

5ኛ፣ ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ሌላ ወላጁ ለአስጠኚ የሚያወጣው ገንዘብ ስንት ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ከየትም አገር የመጣ መጽሐፍ ቢይዝ ይጠቅማል። መልስ የሌለው ግን የሲንጋፖርን ስም በበሩ ላይ ቢጽፍም የሸጠው ስሙን ብቻ ነው። ባንድ ሺሕ መጻሕፍት ላይ የሚውለው ገንዘብ ከፊሉ ለመምህራን ሥልጠና ቢውል፣ የቀሩት መጻሕፍት ይበልጥ እንደሚጠቅሙ ከላይ የተጠቀሱት ምርመራዎች ያመለክታሉ። ሲንጋፖር ለሌላው አገር ልታስተምር የምትችለው ዋናው ነገርም ይኸው ነው፤ ጉድለትን በግልጽ ቆጥሮ ማመን፣ ገንዘብን በሰው ላይ ማዋል፣ ከዚያም ያልሠራውን ሳያፍሩ መለወጥ።