የመጽሐፍ ዳሰሳን ማካፈል ለንባብ ባህል መዳበር ያለው ፋይዳ

አንድ መጽሐፍ ታትሞ ለገበያ ሲቀርብ አንባቢው አስቀድሞ የሚያገኘው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ ሽፋኑ ላይ የሰፈረው አስተያየት ነው። ይህ አስተያየት በደራሲው ወይም በአሳታሚው የሚመረጥ በመሆኑ የመጽሐፉን ጥንካሬ እንጂ ድክመቱን አያሳይም። ይህን ክፍተት የሚሞላው አንባቢ ለአንባቢ የሚያካፍለው ዳሰሳ ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና፣ በቤቴልና በዓለም ባንክ አካባቢዎች የሚኖር አንባቢ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ ረጅም መንገድ መጓዝ ይጠበቅበታል። የመንግሥት ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት በኋላ ይህን ለማድረግ ይቸገራል። በአንጻሩ በአንድ ገጽ ተጽፎ በስልክ የሚደርሰው ዳሰሳ ርቀት አይገድበውም።

መጽሐፍን ለሌሎች ማካፈል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በመተረኩ መጽሐፉን በእጃቸው ላልያዙ፣ ማንበብ ለማይችሉ ወገኖች ጭምር ሊደርስ ችሏል።

ዳሰሳ መጽሐፉን ከአንባቢው ሕይወት ጋር ያገናኛል። ደቡብ አፍሪካዊው የነጻነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን፣ ለ6 ወራት የታቀደው ሥልጠናም ከ8 ሳምንታት በኋላ መቋረጡን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። አንድ የአካባቢው መምህር ይህን ጠቅሶ ዳሰሳ ቢያቀርብ፣ ስለ ሩቅ አገር ብቻ የሚያወሳ የሚመስለው መጽሐፍ ለኮልፌ ወጣቶች የራሳቸው ሰፈር ታሪክ ጭምር ይሆናል።

ጠቃሚ ዳሰሳ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ደራሲ፣ የኅትመት ዘመንና የገጽ ብዛት ያስቀድማል። ቀጥሎም የመጽሐፉን ዋና ጭብጥ የልብ ወለዱን መጨረሻ ሳይገልጥ ያስረዳል። «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» ከማለት ይልቅ ለፍርዱ ከመጽሐፉ ማስረጃ ይጠቅሳል፤ መጽሐፉ ለማን እንደሚጠቅምም ያመለክታል። ዳሳሹ ከደራሲው ጋር ዝምድና ወይም ወዳጅነት ካለው ይህንኑ በግልጽ ማስቀመጡ ተአማኒነቱን ይጠብቅለታል።

በዳሰሳ ስም የመጽሐፉን ገጾች በሙሉ አባዝቶ ማሰራጨት ግን የደራሲውን መብት የሚጥስ ተግባር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ ላይ መጥቀስን የሚፈቅደው ጥቅሱ ከተፈለገበት ዓላማ እስካላለፈ ድረስ፣ ምንጩና የደራሲው ስም ተገልጾ ነው። ከሽያጩ ገቢ የሚያጣ ደራሲ ቀጣዩን መጽሐፍ ለማሳተም አቅም ስለማይኖረው፣ ጉዳቱ ዞሮ ዞሮ ለአንባቢው ይተርፋል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። በወረዳ ደረጃ ለሚገኙ ቤተ መጻሕፍትና የወጣት ማዕከላት መጻሕፍት ሲገዙ የአንባቢያንን ዳሰሳ መመልከት ውስን በጀት ተነባቢ ባልሆኑ መጻሕፍት ላይ እንዳይባክን ያግዛል። በመሆኑም የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ሠራተኞች ያነበቡትን በወር አንድ ጊዜ የሚያካፍሉበትን መድረክ ቢያመቻቹ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ለንባብ ባህል መዳበር የበኩላቸውን አስተዋጽኦ ሊያበረክቱ ይችላሉ።