ከጣና ዳርቻ እስከ ተከዜ ሸለቆ፦ ውኃ መማሪያ ክፍል ሲሆን

ኢትዮጵያ የባሕር በር ካጣች ከ30 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ በአማርኛችን «ባሕር» የሚለው ቃል ሐይቁንም ውቅያኖሱንም አቅፎ ኖሯልና፣ በውኃ ዳርቻ የሚገኝ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ የባሕር ዳር ከተማ ስም ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ተራሮች ለከፍተኛ ትምህርት የሚወጡ ወጣቶች ከሚደርሱባቸው ተቋማት አንዱም በዚያው በጣና ዳርቻ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ውኃዎችን ጎን ለጎን እንመለከታለን፤ አንደኛው ለዘመናት የኖረው ጣና፣ ሁለተኛው ትናንት የተፈጠረው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ነው። በመጀመሪያው ዳርቻ የሚቀሰም ዕውቀት በሁለተኛው ዳርቻ ለሚኖር ሕዝብ ምን ይጠቅማል? ዋናው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ሐይቁ እንደ ቤተ ሙከራ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተከፈቱ ሁለት ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የመሠረቱት ነው። አንደኛው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ ሌላው የመምህራን ማሠልጠኛ የነበረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነበር። ተማሪዎች ዛሬም ግቢዎቹን «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያሉ የሚጠሩት ከዚሁ የተነሣ ነው።

የውኃን ሕይወት የሚያጠና ተማሪ ውሎ ከሌላው ተማሪ ይለያል። ነፋሱ ሳይበረታ በማለዳ በጀልባ ወጥቶ የውኃውን ሙቀት ይለካል፣ ናሙና ይቀዳል፣ በመረብ የተያዘውን ዓሣ እየመዘነ ይመዘግባል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ፊት ይቀመጣል። ፈተናው በወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ ማዕበሉም፣ ዝናቡም፣ ለዓመታት ሐይቁን የሚያውቀው ዓሣ አጥማጅ የሚያነሣው ጥያቄም ፈተና ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለሚለየውም ዓሣዎቹ ለብቻቸው ሲለወጡ ኖረዋል። የሆላንድ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ ቀድሞ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠር የነበረው የላቤኦባርበስ ወገን 15 ልዩ ልዩ ዝርያዎችን የያዘ መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ እሸቴ ደጀን ከተባባሪ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ባርበስ ታናፔላጊየስ የተባለውን፣ በሐይቁ መካከል የሚኖረውን ትንሽ ዓሣ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋውቋል። በዚያን ጊዜ እሸቴ የዶክትሬት ትምህርቱን ገና አላጠናቀቀም ነበር። ይህ ለተማሪ ትልቅ መልእክት አለው፤ አዲስ ነገር ለማግኘት ማዕረግ መጠበቅ ግድ አይደለም።

ዕውቀቱ በወቅቱ ካልደረሰ ምን እንደሚከተል በፊሊፒንስ የሚገኘው የላናዎ ሐይቅ ያስተምረናል። እንደ ጣና የራሱ ዓሣዎች የነበሩት ይህ ሐይቅ ከሌላ ቦታ በገቡ ዓሣዎችና ከመጠን ባለፈ ማጥመድ ተጎድቶ፣ 15 ዝርያዎቹ መጥፋታቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆነ።

ወንዝ ሐይቅ ሲሆን

አሁን ወደ ዋግ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታና 300 ሜጋ ዋት ኃይል የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ ከኋላው 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ሊይዝ የሚችል ሐይቅ ፈጥሯል። ይህ ጠባብና ረጅም ሐይቅ በሸለቆው እየተጠማዘዘ የዋግ ኽምራን ቆላማ ወረዳዎች ይነካል።

ጣናን ያጠና ተማሪ ወደዚህ ሲመጣ ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። ጣና ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ እስከ ወለሉ ያማስለዋል። በጥልቅ ሸለቆ የተኛ ውኃ ግን በንብርብር ይከፈላል፤ ፀሐይ ያሞቀው ቀላል ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከታች ይቀራል። ከታች ያለው ከአየር ጋር ስለማይገናኝ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ስለዚህ ውኃው ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ዓሣ የሚኖርበት ክፍል ከላይ ያለው ብቻ ሊሆን ይችላል። ወንዝ ሲገደብም ጠጠር ባለበት ወራጅ ውኃ የሚራቡ ዓሣዎች መራቢያቸውን ሲያጡ፣ በረጋ ውኃ ዳር ጎጆ የሚሠራው ቆሮሶ ይበረታል።

ከሁሉም በላይ ልናስተውለው የሚገባ የአዳዲስ ሐይቆች ጠባይ አለ። ውኃው ያሰጠመው አፈርና ዕፅዋት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እየበሰበሰ ምግብ ስለሚለቅ ዓሣው ይበዛል፤ ያ ስንቅ ሲያልቅ ግን ምርቱ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1958 ውኃ መያዝ የጀመረው፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ያለው የካሪባ ሐይቅ ይህንኑ አሳይቷል። እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን ምርት ተማምኖ ጀልባና መረብ የሚገዛ ወጣት ኋላ ላይ ዕዳ ብቻ ሊቀርለት ይችላል ማለት ነው።

ጉዳዩ የሕፃናት ጉዳይ ነው

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ የተጎዳው የሰቆጣ አካባቢ ስሙ ከሌላ ታላቅ ዓላማ ጋርም ተያይዟል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ያለመ ነው። መቀንጨር የቁመት ማነስ ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ዕድገትንም የሚጎዳ በመሆኑ፣ ነገ በመማሪያ ክፍል የሚቀመጠውን ልጅ ዛሬ ይነካል። ዓሣ ደግሞ ለእድገት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣል፤ ትንንሹ ከነአጥንቱ ሲበላ ካልሲየምም ይጨምራል።

ሆኖም ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሐይቁ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በቆላው ሙቀት ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፤ ዓሣ የመብላት ልማድም በደጋው አልተስፋፋም። ስለዚህ ጥያቄው የባዮሎጂ ተማሪ ብቻ አይደለም። በፀሐይ የሚሠራ ማድረቂያ የፊዚክስ ተማሪን፣ ጨውና ማቆያ የኬሚስትሪ ተማሪን፣ ከተራቆቱት ተራሮች ወደ ሐይቁ የሚወርደው ደለል የምድር ሳይንስ ተማሪን ይጠራሉ።

ከዛሬ የሚጀመር ሥራ

የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሐይቁ ዓሣ ላይ ጥናት አካሂደዋል። ሆኖም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ዋግንም ክፉኛ ጎድቷል። የሐይቅ ጥናት ዋጋው ባለመቋረጡ ነው፤ ያልተለካ ዓመት ተመልሶ አይለካም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ሁሉ ውድ አይደለም። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የውኃን ጥራት የለካው በገመድ በሚወርድ ክብ ሰሌዳ ነበር፤ ሰሌዳው ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ውኃው ምን ያህል እንደደፈረሰ ይነግረናል። ዛሬም ይኸው ዘዴ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ሰሌዳ፣ ገመድ፣ ሚዛን፣ ማስመሪያና በየወሩ በታማኝነት የሚሞላ መዝገብ ቢኖሩ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ሊጠቀስ የሚችል መረጃ ያከማቻል።

ውድ አንባቢያን፣ በውኃ ዳርቻ መማር መልካም ዕድል ነው፤ በዳርቻው ተቀምጦ ውኃውን ሳያውቁ መመረቅ ግን ዕድሉን ማባከን ይሆናል። በጣና የሠለጠነ የዋግ ልጅ ወደ ተከዜ ሲወርድ የሚጠብቀው ሐይቅ ገና በለጋነቱ ያለ ነው። ከሐይቁ በየዓመቱ ምን ያህል ዓሣ ቢወጣ ለልጆች እንደሚተርፍ የሚነግረን መዝገብ ደግሞ የሚሞላው በእነዚሁ ተማሪዎች እጅ ነው።