ያውቁ ኖሯል? ከ11 ኪሎ እስከ 634 ግራም

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የላፕቶፕ ክብደት የቻርጀሩን አይጨምርም። ሻጩ «አንድ ኪሎ አይሞላም» እያለ በአንድ እጁ ከፍ ሲያደርግልዎት፣ ቻርጀሩንና ገመዱንም አብሮ ያንሳው። የድሮዎቹ ቻርጀሮች ከነገመዳቸው ከ300 ግራም በላይ ይመዝናሉ። ጋሊየም ናይትራይድ የሚባለውን ማቴሪያል የሚጠቀሙት አዲሶቹ ግን በሙቀት መልክ የሚያባክኑት ኃይል ትንሽ ስለሆነ፣ 65 ዋት የሚሰጠው እንኳ በመዳፍ ውስጥ ይገባል። መንገደኛ የሚሸከመው ድምሩን ነው።

ያውቁ ኖሯል? «ተንቀሳቃሽ» ተብሎ በ1981 ገበያ የወጣው ኦዝቦርን 1 የተባለ ኮምፒውተር 11 ኪሎ ይመዝን ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋው 1,795 ዶላር፣ ስክሪኑ 5 ኢንች። ባትሪ የሚባል ነገር አብሮት አልተሠራለትም፤ ሶኬት ካላገኘ በድን ነው።

ሐሳቡ ግን ከዕቃው ይቀድማል። በካሊፎርኒያው ዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት አለን ኬይ፣ በ1972 ገና ስላልተፈጠረ ኮምፒውተር አንድ ጽሑፍ አወጡ። መጠኑ ከደብተር የማይበልጥ፣ ክብደቱ ከ4 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.8 ኪሎ በታች የሆነ፣ ዳይናቡክ የሚባል። ለማን ያሰቡት ይመስልዎታል? ለነጋዴ ወይም ለመሐንዲስ ብቻ አልነበረም፤ ለሕፃናት ጭምር ነው። ዳይናቡክ እንደታሰበው አልተሠራም። ዛሬ ቦርሳችን ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ከዚያ ወረቀት ብዙም አይርቅም።

ሕፃናቱን ያልረሳ ሰው ቆይቶ መጣ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 «ላፕቶፕ በ100 ዶላር ለእያንዳንዱ ልጅ» ብለው ተነሡ። ኤክስኦ የሚባለው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ በ2007 ከፋብሪካ ሲወጣ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ቃል የተገባውና የተከፈለው ባይገናኝም፣ ሜሪ ሉ ጄፕሰን ያመጡት ስክሪን እስካሁን ያስቀናል። ጥላ ውስጥ ባለቀለም ሆኖ ይሠራል፤ ቀትር ላይ ሜዳ ሲወጡ ደግሞ የውስጥ መብራቱን አጥፍተው በፀሐይዋ ብርሃን ብቻ በጥቁርና ነጭ ያነባሉ። የዛሬውን ውድ ላፕቶፕ ይዘው ካፌ በረንዳ ላይ ሲቀመጡ የራስዎን ፊት ብቻ እያዩ የሚበሳጩ ከሆነ፣ ከ15 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የልጆች ዕቃ በዚህ በኩል ይበልጥዎታል። ጥቂት ሺዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም መጥተው ነበር፤ የግዕዝ ፊደል የታተመበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸዋል።

ይኸው ፕሮጀክት በ2012 ታብሌቶችን በካርቶን እንደታሸጉ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ሰጠ። አስተማሪ አልተመደበም፣ ማብራሪያ አልተሰጠም። ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ወሬው የወጣው ከባለቤቱ አፍ መሆኑን ሳንረሳ፣ ደስ የሚል ወሬ ነው።

አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በ2007 መጨረሻ ያወጣው ኢ ፒሲ 701፣ ክብደቱ 920 ግራም፣ ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ዕቃ ማስቀመጫው 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ ፍላሽ እንኳ በዚህ መጠን ገዝቶ የሚመካ የለም። ግን ተሸጠ፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ! ኔትቡክ የሚባለውን ዘር ያስፋፋው እሱ ነው። በ2010 አይፓድ ሲመጣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ጥቂት ቆይቶም አበቃለት። እንደኔ ከሆነ ኔትቡክን የገደለው አይፓድ ብቻ አይደለም፤ ጣት የማያስገባው ኪቦርድም ድርሻ አለበት።

ስለ ኪቦርድ ካነሳን፣ በመደበኛ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 11.6 ኢንች ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ወርዱ ይህን በትክክል ይችላል፤ ከዚያ በታች ከወረዱ ቁልፎቹ መጥበብ ይጀምራሉ። አይቢኤም በ1995 ያወጣው ቲንክፓድ 701 ይህን ችግር በብልሃት አልፎት ነበር። ጆን ካሪዲስ የነደፉት ኪቦርድ ሁለት ቦታ የተከፈለ ሲሆን፣ ክዳኑ ሲከፈት ሁለቱ ክፍሎች ተንሸራተው ይገጥሙና ከላፕቶፑ ወርድ አልፈው በግራና በቀኝ ይወጣሉ። ሲዘጋ ተመልሰው ይገባሉ። ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከስብስቡ ጋር አስቀምጦታል። ስክሪኖች እየሰፉ ሲመጡ ብልሃቱ አላስፈለገም።

ጋዜጠኞች የሚወዱት ላፕቶፕ የቱ ነበር? ቲአርኤስ 80 ሞዴል 100 ይባላል፤ በጃፓኑ ኪዮሴራ ተሠርቶ በ1983 ወጣ። የሚሠራው ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ በምንገዛቸው 4 ቀጫጭን ድንጋዮች ሲሆን 20 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ስክሪኑ 8 መስመር ብቻ ያሳያል፣ በመስመር 40 ፊደል። ዘጋቢው ሆቴል ገብቶ የስልኩን እጀታ ሁለት የጎማ ጆሮዎች ላይ ያጋድምና ጽሑፉን በስልክ መስመር ይልካል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ ነው። 6,000 ፊደል ያለው ዘገባ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። በመሐል አንድ ሰው ስልኩን ካነሳ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። በውስጡ ካለው ፕሮግራም ከፊሉን የጻፉት ቢል ጌትስ ናቸው።

ከጠፈር የመጀመሪያው ኢሜይል የተላከውም ተንቀሳቃሽ በተባለ ኮምፒውተር ነው፤ በነሐሴ 1991 አትላንቲስ ከምትባለው መንኮራኩር፣ በማኪንቶሽ ፖርተብል። ምድር ላይ 7.2 ኪሎ ይመዝናል። እዚያ ላይ ክብደቱ ማንንም አላስቸገረም።

በ2008 ጥር ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ማክቡክ ኤርን ከቢሮ ፖስታ ውስጥ መዝዘው አወጡት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ክብደቱ 1.36 ኪሎ ነበር፤ ማለትም ከጥቂት ወራት በፊት ከወጣው ከርካሹ ኢ ፒሲ በ440 ግራም ይበልጣል። ሰው ያየው ቅጥነቱን ነው። ዛሬም መርካቶ «ስሊም» የሚባለው ሁሉ ቀላል አይደለም፤ ቀጭን የአሉሚኒየም ላፕቶፕ ከወፍራም የማግኒዥየም ላፕቶፕ ሊከብድ ይችላል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም ሲሆን ማግኒዥየም 1.74 ግራም ነው። የኮሪያው ኤልጂ በ2019 ባለ 17 ኢንች ላፕቶፕ በ1.34 ኪሎ ያወጣው በማግኒዥየም ቅይጥ ነው። የጃፓኑ ፉጂትሱ ደግሞ ባለ 13.3 ኢንቹን 634 ግራም አድርሶታል። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ መጀመሪያ የያዘ ሰው ውስጡ ባዶ ይመስለዋል፤ ክዳኑን በጣቱ ሲጫነውም ትንሽ ይታጠፍለታል። ይህ ብዙ ጊዜ ጉድለት አይደለም፤ የቀጭን ማግኒዥየም ጠባይ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከሳዑዲ ዘመድ ላፕቶፕ ላከልዎት እንበል። ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ቻርጀሩን ገልብጠው ያቺን በጉንዳን እግር የተጻፈች ጽሑፍ ያንብቡ። «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ 100–240 ቮልት ካለ ለኢትዮጵያው 220 ቮልት ምንም ትራንስፎርመር አያስፈልግዎትም፤ ጥርሱን የሚያገጣጥም ርካሽ አዳፕተር ይበቃል። የላፕቶፕ ቻርጀሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ናቸው። ከዚያው ሻንጣ የወጣውን የፀጉር ማድረቂያ ግን አብሮ አይሰኩት። ከአሜሪካ የመጣው ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ ጭሱን ቤቱ ሁሉ ያሸተዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 ጀምሮ በገበያው የሚወጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ እንዲደረጉ ደንግጓል። ስልክዎን ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የሚመለከተው ሕግ ነው ላፕቶፕ ላይ የደረሰው። ለመንገደኛ ጥቅሙ አንድ ቻርጀር ይዞ መውጣት ነው። የስልክ ቻርጀር ግን ዋቱ ትንሽ ስለሆነ ላፕቶፑን ሌሊቱን ሙሉ ቢያስታምመው ነው።

አውሮፕላን ላይ ቁጥሩ 100 ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። የአፕል ትልቁ ባለ 16 ኢንች ላፕቶፕ ባትሪ ልክ 100 ላይ የቆመው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ትንሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 50 አካባቢ ስለሆነ በዚህ በኩል አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ፓወር ባንኩ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ። 20,000 ከሆነ 74 ይወጣል፣ አያሠጋም። 30,000 ከሆነ 111 ነው፤ ከመጓዝዎ በፊት አየር መንገዱን ይጠይቁ። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ምንጊዜም በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ አይላክም፤ እሳት ቢነሣ ሰው ሊደርስበት የሚችለው ካቢን ውስጥ ነውና።

በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ሊቲየም ቀልድ አያውቅም። ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂዝሮው ላይ ሰው ሳይሳፈርባት ቆማ የነበረችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ «ንግሥተ ሳባ»፣ ጭራዋ አካባቢ በእሳት ተያያዘች። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻው አደጋ ሲደርስ የአውሮፕላኗን ቦታ የሚያመለክተው መሣሪያ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን አረጋገጡ።

በመጋቢት 2017 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አሜሪካ ከ10 አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ዱባይ፣ ዶሃ፣ ጅዳ፣ ሪያድና ካይሮን ጨምሮ፣ በቀጥታ ወደ እሷ በሚበሩ አውሮፕላኖች ካቢን ውስጥ ከስልክ የሚበልጥ ኤሌክትሮኒክስ ከለከለች። ፍራቻው ላፕቶፕ ውስጥ የሚደበቅ ፈንጂ ነበር፤ በ2016 ከሞቃዲሾ የተነሣውን የዳሎ አየር መንገድ አውሮፕላን የበሳው እንዲህ ያለ እንደነበር ተዘግቧል። አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ በዱባይ በኩል ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ላፕቶፑን ለሻንጣ ክፍል ሲያስረክብ፣ ከቦሌ ተነሥቶ እዚያው ዋሽንግተን የሚያርፈው ጭኑ ላይ አድርጎ ይሠራ ነበር። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ለቢዝነስ ክላስ ደንበኞቻቸው የሚያውሱት ላፕቶፕና ታብሌት እስከማዘጋጀት ደርሰዋል። ክልከላው በሐምሌ ሙሉ በሙሉ ተነሣ።

ከፍታም ላፕቶፕን ይመለከታል። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እንዲሠራ ዋስትና የሚሰጡት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ዞሮ የሚሠራው ሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላቱን የሚያንሳፍፈው በስስ የአየር ሽፋን ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ዲስኩን የመንካት አደጋ አለው። አዲስ አበባ ለዚህ አታሠጋም። ሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ላይ ወይም ባሌ ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ማታ ፎቶ ወደ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጡ ግን ያስቡበት። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ግድ የለውም። አዲስ አበባ ላይ የሚሰማዎት ፋኑ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከ20 በመቶ በላይ ስለሚሳሳ፣ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መጮህ አለበት።

ያገለገለ ሲገዙ ላፕቶፑን ዘግተው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ማዕዘኑን በጣትዎ ይጫኑት። ቢወዛወዝ፣ ወይም ሲከፍቱት መዳሰሻው ወደ ላይ ገፋ ብሎ አልጫን ቢል፣ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላልና ዋጋ መከራከሩን ይተዉት። ቀጥሎ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ያስከፍቱ። ሁለት ቁጥሮች ያያሉ፤ አዲስ ሳለ የሚይዘውና አሁን የሚይዘው። 50,000 የነበረው 24,000 ላይ ከሆነ፣ «ባትሪው አሪፍ ነው» የሚለው ሻጭ አሪፍ የሚለው ግማሹን ነው።

ራሙንም ይጠይቁ። በጣም ቀጫጭኖቹ ላይ ራም እናት ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ 8 ጊጋ ገዝተው «ወደፊት 16 አደርገዋለሁ» ማለት የለም። ሻጩ «ይጨመራል» ካለዎት፣ ከታች ያለውን ክዳን ከፍቶ ባዶውን ቦታ በዓይንዎ ያሳይዎት። የማይከፍትልዎት ከሆነ ቀጣዩ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ነው።