ሕመምና የካቶሊክ ምእመን ኑሮ

መጾም፣ እሑድ ማስቀደስና መቁረብ ሰውነትን የሚጠይቁ ግዴታዎች ናቸው። ስለዚህ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ካቶሊክ እምነቱን በሚገባ የሚኖረው ቀኖናው ለሕመምተኛ ምን እንደሚል ሲያውቅ ነው። በግዕዝ ሥርዓት የሚያስቀድሱ ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና አላቸው፤ ከዚህ በታች ያለው በዋናነት የላቲን ሥርዓትን ይመለከታል።

በአመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ከ18 እስከ 59 ዓመት ያለ ምእመን በቀን አንዴ ብቻ ጠግቦ ይበላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ምግብ ካለፈው የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ስለሚችል ግዴታው አይጸናበትም። ከመቁረብ በፊት ያለው የአንድ ሰዓት ጾምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ቀኖና ውሃና መድኃኒት ይህን ጾም እንደማያፈርሱ ደንግጎ አረጋውያንን፣ ሕመምተኞችንና አስታማሚዎቻቸውን ነፃ ያደርጋል። አስታማሚው አለመረሳቱ ደስ ያሰኛል፤ ሌሊቱን ከአልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ሰው ድካም ብዙ ጊዜ ተመልካች የለውምና።

ለመቁረብ ከሁሉ የሚከብደው የሴሊያክ ሕመም ነው። በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን ትንሽም ቢሆን የሕመምተኛውን አንጀት ይጎዳል፤ የቁርባኑ ኅብስት ደግሞ ከስንዴ ሌላ ሊሆን አይችልም። የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2003 በጻፈው ደብዳቤ ግሉተን የሌለው ኅብስት እንደማይጸና፣ ግሉተኑ እጅግ የተቀነሰው ግን እንደሚጸና አስታወቀ። ይህም የማይስማማው ሰው ከጽዋው ብቻ ይቆርባል፤ ክርስቶስ በወይኑም ምሉዕ ነውና የጎደለበት ነገር የለም። ሆኖም ካህኑ በቅዳሴው መካከል ከኅብስቱ ቆርሶ ወደ ዋናው ጽዋ ስለሚጨምር ለሕመምተኛው የተለየ ጽዋ ሊዘጋጅለት ያስፈልጋል። ግሉተኑ የተቀነሰው ኅብስትም ከሌላው ጋር እንዳይነካካ ለብቻው ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ እንደ ትርፍ ሥራ ሊታይ አይገባም፤ ሕመምተኛው ከማኅበሩ ጋር መቁረብ አለመቁረቡ የሚወሰነው በዚህ ነው።

የሕሙማን ቅባት በብዙዎች ዘንድ የሞት መልእክተኛ ተደርጎ ይፈራል፤ ቤተሰብም ካህን የሚጠራው በሽተኛው ማጣጣር ሲጀምር ነው። ይህ የሚያሳዝን መዘግየት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ባደሱት ሥርዓት መሠረት ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊትም ሆነ በእርጅና ለደከመ ሰው ይሰጣል። ካህኑ ግንባርንና እጆችን ይቀባል፤ ሕመሙ ሲብስ ወይም ታማሚው ድኖ እንደገና ሲታመም ይደገማል።

ቅባቱን መቀበል ሕክምናን መተው አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ምእመኑ ጤናውን እንዲጠብቅ ታስተምራለች፤ ከጥቅሙ ሸክሙ የሚበልጥ ሕክምናን እምቢ ማለትንም አትከለክልም። አንዳንድ ምእመናን ሥቃይን ከክርስቶስ መከራ ጋር አንድ አድርጎ ማቅረብ ማለት ማስታገሻ አለመውሰድ ይመስላቸዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ሕመምን በመድኃኒት ማስታገስ የተፈቀደ መሆኑን በግልጽ አስተምረዋል።