ሁለት የጣት ጫፎችና 70 ሚሊዮን ቅጂ

ከ70 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የሸጠ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ለመቅረጽ ምን ያህል ጊዜ የፈጀበት ይመስልዎታል? ብላክ ሳባዝ የጨረሰው በ12 ሰዓታት ገደማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1969 ከበርሚንግሃም የመጡ አራት ወጣቶች ለንደን ስቱዲዮ ገብተው፣ መድረክ ላይ እንደለመዱት በቀጥታ ተጫውተው፣ በዚያው ቀን ወጡ። ከአራቱ 22 ዓመት የሞላው አንድም አልነበረም። አልበሙ ፈረንጆች ገደ ቢስ በሚሉት ዕለት፣ አርብ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ወጥቶ በእንግሊዝ 8ኛ ደረጃ ያዘ።

ይበልጥ የሚገርመው የባንዱ ድምፅ መነሻ ነው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በሥራው የመጨረሻ ቀን ለምሳ ቤቱ ገብቶ አልመለስም ሲል፣ እናቱ የጀመርከውን ጨርስ ብለው ላኩት። ከሰዓት ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣት ጫፎች ቆረጣቸው። አዮሚ ግራኝ ነው፤ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚሁ እጅ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው አለቃ በሁለት ጣት ተአምር ይሠራ የነበረውን የጊታሪስቱን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። አዮሚም የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ እንዳያንሸራትተውም ቆዳ ለበጠበት።

ቀጫጭን ክር መረጠ፤ በ1971ዱ ሦስተኛ አልበም ደግሞ በበርካታ ዘፈኖች ጊታሩን ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቃኘው። የወፍራሙ ክር ንዝረት በሰከንድ ከ82 ወደ 69 ወረደ። ክሩ ላልቶ ለጣቱ ሲመች፣ ድምፁ ከበደ። ዱም ሜታል የሚባለው ዘገምተኛና ጨለምተኛ ሙዚቃ ዛሬም የዚህን ዝቅ ያለ ቅኝት ፈለግ ይከተላል።

የባንዱ ሌሎች ቁጥሮችም ያስደንቃሉ። ሁለተኛውን አልበም ለመሙላት ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የተሠራችው «ፓራኖይድ» ርዝመቷ ከ3 ደቂቃ አይሞላም፤ በእንግሊዝ ግን 4ኛ ወጣች፣ አልበሙም 1ኛ ሆነ። ቀጣዩ 1ኛ ደረጃ የመጣው በ2013 ነው፤ 43 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት! በ1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ተጫውተዋል። ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ ከ20 ዓመት በኋላ ዳግም አንድ ላይ ሆነው ባደጉበት ሰፈር፣ በአስተን ቪላ ሜዳ፣ ከ40 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ተሰናበቱ። ድምጻዊው ኦዚ ኦዝበርን ሕመም ስለጸናበት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ በ17ኛው ቀን፣ በ76 ዓመቱ አረፈ።

ባንዱ 19 የስቱዲዮ አልበሞች አሉት፤ አባላቱም በየጊዜው ተቀያይረዋል። በ19ኙም ላይ የተጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሐኪሞች ጊታርን እርሳው ያሉት አዮሚ ነው።