ማጣቀሻን ከመረጃ ቋት ወደ ዞቴሮ ማስገባት

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጠናቀቅ ተማሪን እንቅልፍ የሚነሳው የማጣቀሻ ዝርዝሩ ነው። ኮማና ነጥብ ማስተካከሉን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ መረጃው ግን ከምንጩ በደንብ መግባት አለበት።

ፐብሜድን እንውሰድ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ይህ የመረጃ ቋት ከ35 ሚሊዮን በላይ መዝገቦችን በነፃ ለመፈለግ ያስችላል። ከሚፈልጓቸው ጥናቶች ጎን ባሉት ሳጥኖች ላይ ምልክት ያድርጉ፤ «ሴንድ ቱ»፣ ቀጥሎም «ሲቴሽን ማኔጀር» የሚለውን መርጠው «ክሪኤት ፋይል» ሲጫኑ አነስተኛ ፋይል ይወርዳል። ከዚያ ዞቴሮን ይክፈቱ። ይህ ነፃ የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር በ2006 እ.ኤ.አ. በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። «ፋይል» ውስጥ ገብተው በ«ኢምፖርት» የወረደውን ፋይል ይምረጡ፤ ጥናቶቹ ተደርድረው ይመጣሉ።

ፋይሉ የያዘው ጥናቱን ሳይሆን የጥናቱን መታወቂያ ነው። ሌሎች ብዙ ቋቶች የሚሰጡትን የአርአይኤስ ፋይል በኖትፓድ ቢከፍቱት፣ እያንዳንዱ መረጃ በሁለት ሆሄያት ምልክት ይጀምራል፦ «ኤዩ» ደራሲው፣ «ቲአይ» ርዕሱ፣ «ፒዋይ» የታተመበት ዓመት። ሶፍትዌሩ የተሰጠውን በየቦታው ያስቀምጣል እንጂ ትክክለኛነቱን አያጣራም።

የኢትዮጵያውያን ስም የሚዛባውም በዚህ ምክንያት ነው። ቋቶቹ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስለሚያደርጉት፣ አበበ ከበደ የጻፈው ጥናት «ከበደ፣ አ.» ተብሎ በአባቱ ስም ይመዘገባል። የትምህርት ክፍልዎ ስም ከነአባት በቅደም ተከተሉ ይጻፍ የሚል ከሆነ፣ ዞቴሮ ውስጥ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭነው ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ያድርጓቸውና «አበበ ከበደ» ብለው ይጻፉ። ለውጭ መጽሔት የሚጽፉ ከሆነ ግን የመጽሔቱን መመሪያ ይከተሉ።

አንድ ጥናት ከፐብሜድም ከጉግል ስኮላርም ከመጣ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። «ዱፕሊኬት አይተምስ» የሚለው ክፍል ተደጋጋሚዎቹን ያሳይዎታል። አንዱን አይሰርዙ፤ «መርጅ» ብለው ያዋህዷቸው። የሰረዙት መዝገብ ወርድ ላይ አስቀድመው የጠቀሱት ከሆነ፣ ጥቅሱ ከዞቴሮ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ሲዋሃዱ ግን እንደተጠበቀ ይቆያል።

ፋይል ባስገቡ ቁጥር ስምን፣ ዓመትንና የመጽሔቱን ስም ወዲያው ከጥናቱ የፊት ገጽ ጋር ያመሳክሩ። እዚያው የታረመ ስህተት አንድ ነው፤ ያለፈ ግን ጥናቱ በተጠቀሰበት ጽሑፍ ሁሉ ይደገማል።