የመዝሙር ውል፡ ባለቤቱ ማን ነው?

አንድ ዘማሪ ከፍሎ ግጥምና ዜማ ያሠራል። መዝሙሩ ከወጣ በኋላ ግን «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚል ክርክር ይነሣል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው 1ኛ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ወንድማማቾች መካሰሳቸውን ገሥጿል። ክስን የሚያስቀር ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈ ግልጽ ውል ነው።

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤቱ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። እንግዲህ ደራሲው መብቱን ለራሱ ማስቀረት ከፈለገ በውሉ ያስፍረው። በራሱ ተነሣሥቶ የደረሰውን መዝሙር መብት የሚያስተላልፈው ግን በጽሑፍ ነው፤ ቅጂውን መስጠት መብቱን መስጠት አይደለም። ስለዚህ የማሳተም፣ የማሰራጨትና በኢንተርኔት የመልቀቅ መብት ለየብቻ፣ ከነጊዜውና ከነክፍያው ይዘርዘር።